የጋሼ ካሳዬ ሃምሳ ደቂቃ

ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰናይ፣

በሰው አገር ሙቀት የምትደክመውን አንተን አምላክ በጥላው ያኑርህ። እኔም አባዬም አለን፤ ተመስገን።

አባትህና አባቴ የእህትና የወንድም ልጆች ናቸው፤ ዝምድናው ራቅ ይላል። ቢሆንም ከጅማ ለትምህርት መጥተህ እኛ ቤት ሁለት ዓመት ስለኖርክ አባዬ ሲጠራህ «ልጄ ሰናይ» ነው የሚለው። ለዚህ ነው የደፈርኩህ። በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ስለዚህ ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት፣ በኢሜይል ጻፍኩልህ።

አባዬ ከአደጋው ወዲህ ወገቡን ያመዋል። አትላስ አካባቢ የግል ሕክምና አግኝቼለታለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን መመላለስ አለበት። እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ ስሰፋ የሚከፈለኝ በቁራጭ ነው፤ አልበቃ አለኝ። ለመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች አሥር ሺህ ብር ብትረዳን ውለታህን አልረሳም።

አክባሪ እህትህ
እድላዊት ካሳዬ


ማናማ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእድላዊት፣

የላክሽውን በምሳ ሰዓት፣ ጣሪያ ላይ ሆኜ፣ ማቀዝቀዣ እየጠገንኩ አነበብኩት። ሳልወርድ ነው ለገንዘብ ላኪው ቤት የደወልኩት። አሥር ሺህ ብሩ ነገ ይደርስሻል። ለጋሼ ካሳዬ ደግሞ ምን ውለታ አለው!

እዚህ ያለን አበሾች በየወሩ እንሰበሰባለን። ባለፈው ያንን የአደጋውን ቪዲዮ አሳየኋቸው። ፍሬን የበጠሰ አውቶቡስ፣ በግራ የግቤ ገደል፣ በቀኝ ተራራው፣ እሱ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ አርባ ሦስት ነፍስ ሲያተርፍ! «ይሄ አጎቴ ነው» ስላቸው አንዱ ተነስቶ ሳመኝ። ልጅ ሆኜ የክረምት ዕረፍት ሲደርስ ጅማ ድረስ በነፃ ይወስደኝ ነበር፤ ከኋላው ተቀምጬ እጁን ብቻ ነበር የማየው። መሪውን ሲይዝ ዳቦ የሚቆርስ ነበር የሚመስለው፤ እንዲያ ቀስ ብሎ።

አሁን ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ለመሰብሰቢያችን ልሰቅለው ነው። አንቺም በስልክሽ ቅረጪልኝና ሰላምታ ይላክልን፤ ሁለት ቃል ይበቃል። ራጁስ ምን አሳየ? ጀግናችንን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሰናይ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰናይ፣

ሰላምህ ይብዛ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስላልሰጠሁህ ይቅር በለኝ። አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቴ አጥፍቼዋለሁ። ገንዘቡ ደርሶናል፤ እጅህ ይባረክ።

ራጅ የለም፤ ወገብ ያልኩህ ውሸት ነው።

አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ አልገባም። ታክሲ አይልህ፣ አውቶቡስ አይልህ፣ የጎረቤት መኪና አይልህ። ሃያ ስድስት ዓመት ጅማ መስመር የነዳ ሰው ሞተር ሲነሳ ከሰማ ግድግዳ ይይዛል። ፍርድ ቤቱ ጥፋት የለብህም ብሎታል። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ አመስግኖታል። እሱ ግን አርባ ሦስቱን አያስብም። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስታጫውተው የነበረችው፣ እዚያው የሞተችበት፣ አዝመራ የምትባለው የሰኮሩ ሴት ናት ከሐሳቡ የማትወጣው። የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች «ጀግናው መጣ!» ሲሉት ከደረጃው ተመልሶ ይገባል። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «እነሱ ጀግና ባሉኝ ቁጥር ያቺን ሴት የሚረሳት ሰው ይበዛል» አለኝ።

አትላስ ያለችው ብሩክታይት የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት። መጀመሪያ ቀን አባዬ ቁጭ ሳይል ነው የጠየቃት።

«ልጄ፣ ለወሬ ነው እንዴ የምንከፍልሽ?»

«ለወሬ ከሆነስ አይክፈሉ፤ ወሬ በነፃ ሞልቷል» አለችው።

ሳቀ። ከስንት ወር በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ከዚያ ሁሉን ዘርዝራ ነገረችን። አንዱ ቀጠሮ ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ሺህ ስምንት መቶ ብር። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ሳይነግሩ መቅረት ግማሹን ያስከፍላል። «አሥራ ሁለት ጊዜ ያስፈልገዋል ብዬ እገምታለሁ» አለች፤ «ከስድስተኛው በኋላ አብረን እናየዋለን። የሚቀንስ ከሆነ እነግራችኋለሁ፤ የሚጨምር ከሆነም አልደብቅም። ግን የስድስቱን ክፍያ ሳታስቡበት አትጀምሩ። ቁስል ከፍቶ መሃል ላይ መተው ጥሩ አይደለም።»

የምንሄደው በእግራችን ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከቡልቡላ እንነሳለን፤ በቦሌ ሚካኤል አድርገን፣ ድልድዩን አልፈን፣ በመድኃኔዓለም በኩል ለሦስት ሩብ ጉዳይ እንደርሳለን። ስንመለስም እንዲሁ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ስለሆነ እሱ በውስጥ በኩል፣ እኔ በመኪናው በኩል እንሄዳለን። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ አንድ ቀን ደከመኝ ብሎ አያውቅም። እኔ ነኝ የምደክመው።

እሱ አላበደም፤ ሰናይ። እባክህ ፎቶውን አትስቀል። ቪዲዮም አልቀርጽልህም። የቀሩትን ቀጠሮዎች ብታግዘን ደግሞ...። አንተው ታውቃለህ።

እድላዊት


ማናማ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእድላዊት፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ውሸትሽ አሳዝኖኛል። እኔ በወገቡ ስጨነቅ፣ በጸሎቴ «ወገቡን» እያልኩ ስማጸን ነው የከረምኩት።

ሺህ ስምንት መቶ ብር ለሃምሳ ደቂቃ ጨዋታ? እዚህ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ለዚያን ያህል ገንዘብ ስንት ሰዓት ጣሪያ ላይ እንደምቆም ታውቂያለሽ? የመንግሥት ሆስፒታል የለም? ጸበል የለም? የንስሐ አባት የለውም? ሴትዮዋ ደግሞ አሥራ ሁለት ጊዜ ትበል እንጂ ገንዘብ የለመደ ሰው ሃያ አራት ማለት አያቅተውም። ደረሰኝ ካለሽ ላኪልኝ።

ጋሼ ካሳዬ እንዲህ የሚሆን ሰው አይደለም። እኔ የማውቀው ሰው አይደለም ይሄ።

ሰናይ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰናይ፣

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ። የስድስቱንም ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ አያይዤልሃለሁ። መቆጣትህ ልክ ነው፤ ዋሽቼሃለሁ። የጠየቅከውን ግን ልመልስልህ።

የመንግሥት ሆስፒታል ሄደናል፤ በእግራችን፣ ከተማውን አቋርጠን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ አባዬን ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተቀበለው። ነገር ግን በሩ ላይ ሰማንያ ሰው ይጠብቀው ነበር። መድኃኒት ጻፈለት፤ እንቅልፉ በእሱ ተስተካክሏል። «የሚያነጋግረው ሰው በየሳምንቱ ቢያገኝ ግን ጥሩ ነው» ያለን እሱ ራሱ ነው። ጸበልም ሄደናል። አባ ገብረሰንበት፣ የንስሐ አባታችን፣ የአትላሷን ነገር ስነግራቸው፣ «ጸበሉንም ሐኪሙንም ያዘጋጀው አንድ ነው፤ አንዱን ለሌላው ብላችሁ አትተዉ» አሉኝ።

ብሩክታይትንም ያንተን ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ሳላፍር፤ ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው ብዬ። አልተቆጣችም። አትላስ ላይ የሁለት ክፍል ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ ነገረችኝ፤ ስሰማ ራሴን ያዝኩ። በቀን ከአምስት ሰው በላይ አታይም። «ስድስተኛ ሰው ካየሁ ጆሮዬ ይሰማል፤ እኔ ግን የለሁም» አለች። አባዬ ከወጣ በኋላ ስለ እሱ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ በወር ሁለቴ ደግሞ እሷን የሚገመግማት ትልቅ ባለሙያ ጋ ከፍላ ትሄዳለች። «እኔም እሳሳታለሁ፤ የሚያርመኝ ሰው ያስፈልገኛል» አለች። አቅም ላጡ ሁለት ሰዎች በሺህ ብር የምትይዘው ቦታ አላት፤ አንዱ በጥር ይለቀቃል፤ ስማችንን ጽፋዋለች።

አባዬ ግን የላክኸው ገንዘብ ማለቁን ከሰማ ወዲህ «ለማልቀስማ አልከፍልም፤ ቤቴም አለቅሳለሁ» ብሎ ቀርቷል። ሁለት ሳምንት ሆነው።

አሁን በስድስተኛው ቀጠሮ ቀን የሆነውን ልንገርህ፤ እሱ ራሱ ስለነገረኝ ነው። ብሩክታይት ያንን ቀን ከመነሻው እንዲነግራት ጠየቀችው። ጀመረ፤ ወልቂጤን አለፈ፤ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።  ሩብ ሰዓት ጠበቀችው። ከዚያ «ወይዘሮ አዝመራ» አለ። ስሟን በአፉ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። መንገድ ላይ ስንመለስ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ቆመና፣ «ስሟን ጠራሁት እኮ፣ እድል» አለኝ። ፊቱን ብታየው! ያ አውቶቡስ ወደ ተራራው ሲዞር እዚያ ሆኜ አላየሁትም፤ ይህንን ግን አይቻለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት ካለ አላውቅም።

አንተ የምታውቀው ሰው አይደለም ብለሃል። እኔ ግን ገና አሁን ነው እያወቅኩት ያለሁት።

እድላዊት


ማናማ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእድላዊት፣

ለበዓላቱ እንኳን አደረሳችሁ ሳልል ገናም ጥምቀትም አለፉኝ። የማይገባኝ ሰላምታ ቢሆንም ተቀበይኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። እዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ቀዝቀዝ ይላል፤ ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ሰው የለም። ሥራዬ በግማሽ ቀንሷል። ያን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ቀን ኪሴ ባዶ ነበር። የለኝም ማለት አፈርኩ፤ ቁጣ ቀለለኝ። ሴትዮዋን ሌባ ማድረግ እኔን ድሃ ከማድረግ ይሻል ነበር። ይቅር በይኝ፤ እሷም ሳታውቀኝ ይቅር ትበለኝ።

ደረሰኞቹን አላየኋቸውም። ደብዳቤሽን ግን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እኔም የሰው ቤት ገብቼ የማቀዝቀዣ ጋዝ ስሞላ «ለአየር ነው የምንከፍልህ?» የሚሉኝ አሉ፤ እንዴት እንደምናደድ ብታዪ! ያንኑ ነው እኔ ለእሷ ያልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አምና ከእኛ ጋር የሚሠራ አንድ ልጅ ከመሰላል ወድቆ ሞተ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለማንም አላወራሁትም። ጋሼ ካሳዬን ጀግና ጀግና ያልኩት ምናልባት በቤታችን አንድ ሰው እንኳ በሰዓቱ እጁ ያልከዳው እንዲኖር ፈልጌ ይሆናል። አላውቅም። ስጽፈው ነው የመጣልኝ።

ሦስት ሺህ ብር ልኬያለሁ፤ ትንሽ ነው፤ ያለኝ እሱ ነው። ፎቶውን አውርጄዋለሁ። ጀግና ካልተባለ ምን ልበለው? ንገሪኝ።

ሰናይ


ቦሌ ቡልቡላ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰናይ፣

የመሰላሉን ነገር ካነበብኩ ወዲህ በጸሎቴ ስምህን ሳልጠራ አላድርም። ደብዳቤህን ለአባዬ አነበብኩለት። ሲሰማ ቆየና፣ «እዚያስ የሚያነጋግረው ሰው ያገኝ ይሆን?» አለ።  በማግስቱ ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ቀጠሮ አስይዢልኝ፤ እሄዳለሁ» አለኝ። በሺህ ብሩ ቦታ ገብተናል፤ አሥራ ሁለቱ ግን አይበቃም ብላ ብሩክታይት ስድስት ቀጠሮ ጨምራለች።

ምን ልበለው ላልከው፣ ጋሼ ካሳዬ በለው። ይበቃዋል።

አሁን ደስ የሚል ወሬ። ከሕንፃችን ሥር ዱባለ የሚባል ጎረቤታችን ሚኒባሱን ያቆማል። ብሩክታይት ለአባዬ የቤት ሥራ ሰጥታው ነበር፤ መጀመሪያ መኪናውን ከሩቅ ማየት፣ ከዚያ መንካት፣ ከዚያ ቆሞ ሳለ ገብቶ መቀመጥ። ዱባለን ስናስቸግረው ደስ ብሎት ፈቀደ። አባዬ ልክፈልህ ሲለው፣ «የቆመ መኪና ታሪፍ የለውም፣ ጋሼ» አለው። እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ላቡን ሲጠርግ፣ ሲወርድ ሰነበተ። አንዳንዱ ሲያየው ይስቃል። እሱ ግን በማግስቱ ተመልሶ ይገባል።

ባለፈው ቅዳሜ ለመሄድ ተስማማን፤ ከቦሌ ሚካኤል እስከ ቦሌ ድልድይ፣ እሷኑ ብቻ። ከዱባለ ኋላ ተቀመጠ፤ እኔ እጁን ያዝኩት።

«ዱባለ፣ ፍሬንህን ተጫነው» አለ።

«ጋሼ፣ ቆመን እኮ ነው።»

«ተጫነው አልኩህ።»

ተጫነው። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «አንዴ ድገመው» አለ። ደገመው። «ሂድ» አለው።

እጄን እንዴት እንደጨመቀው! ቀለበቴ ጣቴን አቁስሎኛል። መብራት ላይ ስንደርስ መኪናው ሲቆም ትንፋሹን ለቀቀና፣ «ይይዛል» አለ። ድልድዩ ጋ ስንወርድ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰው እያየን ሁለታችንም አለቀስን።

ገርጂ አንድ ጋራዥ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ፍሬን እንዲፈትሽላቸው ጠይቀውታል። በጆሮው ነው የሚፈትሸው ብለው ያወራሉ። አንተም እስቲ እዚያ አበሾቹ መሃል የሚያዳምጥ ሰው ፈልግ። ዋጋውን ሳትፈራ።

እህትህ እድላዊት


ቦሌ ቡልቡላ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰናይ፣

ትንሣኤውን በሰላም ያሳለፈልህ አምላክ የልብህንም ድንጋይ ያንከባልልልህ። እኔ እየነገርኳት እድላዊት ናት የምትጽፈው፤ የማትወደውንም እንድትጽፍ አስምያታለሁ።

መጀመሪያ እሷ ያልነገረችህን ልንገርህ። አንተ ከላክኸው የጎደለውን ለእኔ የከፈለችው የማታ ኮሌጅዋን አቋርጣ ነው። የሒሳብ አያያዝ ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት። ያወቅሁት በዚህ ወር፣ ከጓደኛዋ ከሣባ ነው። ብሩክታይት ዋጋዋን አልደበቀችም፤ የደበቀችው የራሴ ልጅ ናት። ከጋራዡ የማገኘው እሷን ወደ ትምህርቷ ይመልሳታል፤ የቀሩኝን ሁለት ቀጠሮዎችም እኔው እከፍላለሁ። አንተ ለእኔ አትላክ። ለራስህ አድርገው።

ሁለተኛው ይኼ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የወይዘሮ አዝመራ ሙት ዓመት ነበር። ሰኮሩ ሄድን፤ እኔና እድላዊት፣ በአውቶቡስ። ግቤ ቁልቁለት ላይ እግሬ ፍሬን የሌለበትን ወለል ሲረግጥ ነው የወረደው። ያ ቦታ ላይ ስንደርስ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ተራራው ላይ ጭረቱ አሁንም አለ።

የሄድኩት ከአጥር ውጭ ቆሜ አፈር ስሜ ልመለስ ነበር። ሔዋን የምትባል ልጇ፣ አስተማሪ ናት፣ ድንኳኑ በር ላይ አየችኝና አወቀችኝ። ያ ቪዲዮ እሷም ዘንድ ደርሷል። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እናቴ መጨረሻ ላይ ምን አለች?» አለችኝ።

አንድ ዓመት ሙሉ የያዝኩት እሱን ነበር፤ ልጄ። ለብሩክታይት ከመንገሬ በፊት ለሰው አውጥቼው አላውቅም። ነገርኳት። «ስለ አንቺ ነበር የምታጫውተኝ፤ አራተኛ ክፍል ሳለሽ ዝቅተኛ ውጤት አምጥተሽ ካርድሽን ዱቄት ውስጥ ደብቀሽ፣ ከሊጥ ጋር ስላወጣችው። አሁን የሰው ልጅ ካርድ የምትሞላው እሷ ናት እያለች ትስቅ ነበር። ጨዋታዋን ሳትጨርስ ነው።»

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ይቺንም ነግራዎት ነበር?» አለች። እየሳቀች ነው የምታለቅሰው። ክንዴን ይዛ አስገብታ ከቤተ ዘመዱ መሃል አስቀመጠችኝ። ካሳዬ እባላለሁ፣ ሹፌሩ እኔ ነኝ አልኳቸው።  ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ተጠግተው ቦታ ሰጡኝና አብረን በላን።

ስንመለስ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችን። ከተቀመጥን በኋላ ወረደች ስል እሷ ወደ ፊት ሄዳ ሹፌሩን ስታነጋግር ሰማኋት።

«አደራህን፣ ወንድሜ፤ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በልልኝ። አባቴ ተሳፍረዋል» አለችው።

አባትህ
ካሳዬ